ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

ክፉ ክፉውን ማሰብ ብርቄን ከልጅነቷ የተጠናወታት ነገር ነው። ስልክ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ መርዶ ነው፤ ባጃጅ ከዘገየ ተገልብጧል፤ ሰማዩ ከጠቆረ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ የሰው ቡና ሻግቷል። ቦንጋ ላይ ደግሞ ሰማዩ የማይጠቁርበት ቀን ጥቂት ስለሆነ፣ ብርቄ ከሐሳብ ያረፈችበትን ጊዜ አታስታውስም። አባል የሆነችበት ማኅበር ጸሐፊ የሺሃረግ፣ ብርቄ በቢሮው በር ብቅ ባለች ቁጥር፣ «እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያሟርቱብን መጡ?» እያለች ትስቅባታለች።

ስለዚህ ልጇ አብርሆት በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ በዚያው ማኅበር ስትቀጠር፣ ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ለብርቄ የታያት ሌላ ነበር። ማኅበሩ የጫካ ቡናና ማር አምራቾች የተሰባሰቡበት ነው። ብርቄ የሴት አባላት ተወካይ ሆና ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጣለች፤ የመጋዘኑና የቢሮው ቁልፍም በእሷ እጅ ነው። እናት ኮሚቴ፣ ልጅ ቅጥር! ሰው ምን እንደሚል ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና፣ «እኔ በልጄ ጉዳይ አፌን አልከፍትም፤ ድምፅም አልሰጥም። ይያዝልኝ» አለች። ሊቀመንበሩ ጋሽ ጣሰውም «ተይዟል» አሉ።

የሰርቨሩ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቡናውን የሚገዙት የውጭ ነጋዴዎች፣ እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ገበሬ፣ ከየትኛው ጫካ እንደተለቀመ ከነካርታው ካላሳያችሁን አንወስድም አሉ። የአባላቱ መረጃ ደግሞ፣ የማንኪራ ቀበሌውም የደካውም፣ የተከማቸው በአንድ ያረጀ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። እሱም ክረምት ላይ ውሃ ገባበትና ዝም አለ። አብርሆት ገበሬ ለገበሬ እየዞረች ሁሉንም እንደገና ሰበሰበችው። ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠው እንዳይባል፣ ኢንተርኔቱ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚሄድ ነው። እናም የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚገናኙበት፣ መረጃውን በአንድ ቦታ የሚጠብቅ አንድ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ይገዛ ተባለ። በጀቱ ጠባብ ነው። አንዴ ከተሳሳቱ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ምረጪ የተባለችው አብርሆት ናት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀውም በዚያው ሰሞን ነበር። ጋሽ ጣሰው ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሯት።

«የመረጥሽው ዕቃ ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሠራ ግን፣ ልጄ፣ የማኅበሩን ገንዘብ ውሃ ላስበላች ሠራተኛ ደመወዝ ልክፈል ብዬ አባላቱ ፊት መቆም አልችልም።»

ያን ቀን ብርቄ ምሳ አልበላችም።

አብርሆት ግን ምርጫዋን የጀመረችው ማንም ባላሰበው ቦታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሱ ሳለ፣

«እማዬ፣ እስቲ አሟርቺልኝ» አለቻት።

«ምን አልሽ?»

«ሰርቨሩ ተገዝቶ ቢሮ ገባ እንበል። ምን ይደርስበታል ብለሽ ትፈሪያለሽ? ሁሉንም ንገሪኝ፤ እንዳትደብቂኝ።»

ብርቄ መጀመሪያ የምትቀልድባት መሰላት። ልጇ ግን ጎመኑን አስቀምጣ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ብርቄ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የተባለችው «በቃ ተይ እንጂ» ነው። አንዴ ከጀመረች በኋላ ማን ያቁማት! መብራት ይጠፋል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ አምፖሉን እንደሚያቃጥለው ዕቃውን ያቃጥለዋል። መብረቅ አለ። ጣሪያው ያፈሳል። አይጥ ሽቦ ትበላለች። ዕቃው ትልቅ ከሆነ የሌባ ዓይን ይስባል። ከተበላሸ ሠሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የቡናው ወቅት ያልፋል። ቢሮው ራሱ ሊቃጠል ይችላል።

«አንቺም...» አለችና ዋጠችው።

«እኔ ምን?»

«አንቺም ትታመሚያለሽ። ታገቢያለሽ። ሌላ መሥሪያ ቤት ይወስድሽና የዕቃውን ነገር የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።»

አብርሆት ከት ብላ ሳቀች። «ይኸው ነው፣ እማዬ! ከዚህ የበለጠ ምን ጥናት አለ?»

ቀልድ አልነበረም። ያንን ሁሉ ሟርት አንድ በአንድ ወስዳ መልስ ፈለገችለት። ግዙፍ አዲስ ዕቃ በመግዛት ፈንታ፣ ያገለገለ ግን የታደሰ አነስተኛ ሰርቨር መረጠች። ቁመቱ ከወንበር መቀመጫ አይበልጥም፤ ድምፁ አይሰማም፤ ብዙ መብራት አይፈጅም። ውስጡ ሁለት ዲስኮች አሉት፤ ሁለቱም ያንኑ መረጃ ስለሚይዙ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። መለዋወጫው ጅማ ይገኛል። ከበጀቱ በሚተርፈው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪና ግፊቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ይገዛል። ደካ ባለው ቅርንጫፍ ሁለተኛ ትንሽ ማስቀመጫ ይኖራል፤ ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር የመረጃው ግልባጭ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል። የቦንጋው ቢሮ ቢቃጠል እንኳ የሚጠፋ ነገር የለም። እሷ ብትታመም ሥራው እንዳይቆምም የሺሃረግን አሠለጠነቻት።

ብርቄ ይህን ስትሰማ ልቧ ሞቅ አላት። ስንት ሰው የሸሸውን ፍርሃቷን፣ ልጇ ተቀብላ ዕቃ አደረገችው። ለማንም ግን አልተናገረችም። ደስታ ከአፍ ከወጣ ይበላሻል ብላ ነው የምትፈራው።

ለጋሽ ጣሰው ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «ያገለገለ?» አሉ። «ማኅበሩ ሰው ያወለቀውን ሊለብስ ነው? ሌሎቹ ቢሮዎች ቁም ሣጥን የሚያክል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አስገብተው፣ እኛ የዶሮ ቆጥ የምታክል ነገር ይዘን ለእንግዳ ምን እናሳይ?»

በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ሻጭ መጥቶ ነበር። ስሙ ዮናታን ነው፤ አንደበቱ የተባ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ምንም እንኳ የቦንጋ ጭቃ በማግሥቱ ልክ ቢያስገባውም። ይዞት የመጣው ሰርቨር አዲስ፣ ጥቁር፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። በጀቱን አሟጦ ይበላዋል፤ ግን እውነትም ያምራል።

ክርክሩን የቋጩት ከማንኪራ የመጡት የኮሚቴ አባል፣ ንብ አርቢው ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። አማርኛውን በአፍ መፍቻቸው በካፊኖኖ ዜማ ነው የሚናገሩት።

«እኛ ቀፎ ሠርተን ዛፍ ላይ ስንሰቅል፣ ንቡ ሳይገባበት ጥሩ ቀፎ ነው አንልም» አሉ። «ሁለቱንም ስቀሏቸው። ከዚያ እናያለን።»

ተስማሙ። አብርሆት የእሷን ከጅማ በውሰት አስመጣች፤ ዮናታንም የእሱን ለሙከራ ተወ። ሁለቱም የኋላው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ አንድ ዓይነት ባትሪም ተሰጣቸው። ትልቁ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ የሺሃረግ ስልክ የምታወራው እየጮኸች ሆነ። መብራት ሲጠፋ የእሱ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ይጮህና አብሮ ይጠፋል። ሲሠራ ግን ፈጣን ነው፤ ጋሽ ጣሰው እንግዳ በመጣ ቁጥር «ኑ እዩ» እያሉ ወደ እሱ ይወስዳሉ። ትንሹን ልጎብኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይሠራል።

ኮሚቴው ሊወስን በተቀጠረበት ቀን ዋዜማ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ወረደ። ብርቄ ቤቷ ቁጭ ብላ ሐሳቧ ቢሮ ነው። ያ ጣሪያ! ትልቁ ሰርቨር በግድግዳው በኩል ነው፤ የልጇ ግን ድሮ ያፈስ በነበረው ቆርቆሮ ሥር። ውሃ ጠብ ቢልበትስ? አቧራ ቢገባውስ? ነገ ሁሉም ሰው ፊት እምቢ ቢልስ?

ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮውም ለብሷል፤ ፍሪጁም። በዚያ ሰፈር ዋጋ ያለው ዕቃ ራቁቱን የሚቀመጥበት ቤት የለም። ይህን ያህል ቀን የልጇን ዕቃ ያለ ልብስ መተዋ ራሱ ደነቃት። ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ አብርሆት ጎጆ ስትወጣ ልትሰጣት በኪሮሽ የሠራችውን አዲሱን ዳንቴል አወጣች፤ ዙሪያውን የቡና አበባ የተሠራበትን። ዳንቴል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ውሃ አያቆምም። ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ገበር ሰፋችለት፣ ከገበሩ ሥር ደግሞ ላስቲክ።

ሳይመሽ በባጃጅ ሄዳ በቁልፏ ከፈተች። ትንሹ ሰርቨር አረንጓዴ መብራቱን እያሳየ ይሠራል። ከላይ እስከ ታች አለበሰችው፤ ጉንዳን እንኳ እንዳትገባ ዙሪያውን ጠቀጠቀችው። ነፋሱ ዝናብ እንዳያስገባም መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ ወደ ኋላ ቆም ብላ አየችው። ሙሽራ ይመስላል። ትልቁ አጠገቡ ሲያጓራ ባለጌ መሰላት።

ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። አንድም ክፉ ነገር አልታያትም። ያ ራሱ ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር።

ጠዋት ኮሚቴው በኋላው ክፍል በር ተጨናንቆ ገባ። ጋሽ ጣሰው ዳንቴሉን ሲያዩ ቆሙ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጥሎሽ መጣልን እንዴ?»

ሰው ሳቀ። አብርሆት ግን አልሳቀችም። ፈጥና ሄዳ ልብሱን ገፈፈችው። አረንጓዴው መብራት የለም። እጇን አስነክታ ወዲያው መለሰች። ሰርቨሩ ፀሐይ እንደዋለበት ቆርቆሮ ግሏል። የሺሃረግ ከኮምፒውተሯ «የእኔ አይከፍትም! ከትንሹ ጋር አያገናኘኝም!» ብላ ጮኸች።

ለብርቄ በአንድ አፍታ ሁሉም ገባት። ያ ትንሽ ዕቃ ይተነፍሳል፤ እሷ አፍና ገድላዋለች።

«ማነው ያለበሰው?» አሉ ጋሽ ጣሰው።

አብርሆት ዳንቴሉን በእጇ ይዛለች። የቡና አበባውን በጣቷ ዳሰሰችው። ይህን አበባ ማን እንደሚሠራው ታውቃለች፤ ልጅ ሆና ክሩን ይዛ የምታቀብለው እሷ ነበረች። ወደ እናቷ ግን ዞር አላለችም።

«ክፍሉ የእኔ ኃላፊነት ነው» አለች። «የሆነውም በእኔ ጥፋት ነው።»

«ያንቺ?» ጋሽ ጣሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተማረች ልጅ ኮምፒውተር በላስቲክ ትጠቀልላለች? በሉ፣ ነገሩ ራሱ ወስኗል። ትልቁ ይገዛ። የአንቺንም ነገር ለብቻው እንነጋገርበታለን።»

ዮናታን ከረባቱን አስተካከለ።

ብርቄ ልጇን አየቻት። ልጇ እንጀራዋን ለእናቷ ስም አሳልፋ እየሰጠች ነው፤ ያውም ቀና ብላ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። እንዲህ ያለች ልጅ ከየት አመጣሁ አለች በልቧ። ከፍርሃቷ በላይ የሆነ ነገር ደረቷን ሞላው። አፌን አልከፍትም ብላለች፤ በቃለ ጉባኤም ተይዟል። ብትናገር ለልጇ አደላች ይሏታል። ከኮሚቴው ያስወጧታል። ምናልባት ካሳ ክፈይ ይሏታል። ሁሉም ታያት፤ ሁሉም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ መሰላት።

«ጋሽ ጣሰው» አለች። «ያን የተያዘውን ይፍቱልኝ።»

«ምኑን?»

«አፌን አልከፍትም ያልኩትን። ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጣሰው ከዳንቴሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ አታውቅም። ትናንት ሳይመሽ በቁልፌ ገብቼ ነው። ጣሪያው ያፈስበታል ብዬ ፈራሁ። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስሕተት ነው፤ አላወቅሁም። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ምን ለብሷል?»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ጫማውን አየ። በመጨረሻ ጋሽ ኃይለመስቀል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«የእኔ ሬዲዮ ቀሚስ ከነሽርጡ አለው! ባለቤቴ አልብሳው፣ ጣቢያ መቀየሪያውን ካየሁት ስንት ዘመኔ!»

«የእርስዎስ፣ ጋሽ ጣሰው?» አለች የሺሃረግ ከበሩ።

ጋሽ ጣሰው ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ከንፈራቸው ግን እምቢ አላቸው። «የእኛስ... ባለ ዘርፍ ነው» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ አብርሆት መስኮቱን ከፍታ፣ ሰርቨሩን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ ነበር። «አልሞተም» አለች። «ሲታፈን ሙቀቱን ለካና ሳይቃጠል በፊት ራሱን አጠፋ። እንዲህ እንዲያደርግ ነው ያዘጋጀሁት። እማዬ በዚህ ዕቃ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ሁሉ ነግራኛለች፤ የመረጥኩትም በእሷ ሟርት ነው። ራሷን ብቻ ነው የረሳችው።»

ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እሷም አላወቀችም።

ዕቃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። አብርሆት ቁልፉን ተጫነችው። አረንጓዴው መብራት በራ። ቆየት ብሎ የየሺሃረግ ድምፅ መጣ፤ «ከፈተልኝ! ትናንት ልወጣ ስል ያስገባሁት የማር መዝገብ ሳይቀር አለ!»

«የእኔንስ አውጪልኝ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

ስማቸው ተጻፈ። የማንኪራ ካርታ ወጣ፤ የቡና ቦታቸው በአረንጓዴ ተከቦ ታየ፤ ከጎኑ እሳቸው ራሳቸው ቀፎ ከሰቀሉበት ዛፍ ሥር ቆመው። «ዛፉም አለ!» አሉ፤ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ትልቁ ዞሩ። ዳንቴሉን ከጠረጴዛው አነሱ።

«እንግዲህ ሙከራ ሙከራ ነው። ያንኛውንም እናልብሰው።»

ዮናታን ዘሎ እጁን ዘርግቶ ሰርቨሩ ፊት ቆመ። «አይሆንም፣ አባባ! አይሞከርም! ዋስትናው ይፈርሳል! ይሄ እኮ እንዲያውም ያለ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አልነበረበትም!»

«የምን ማቀዝቀዣ?» አሉ ጋሽ ጣሰው።

«ማለቴ... ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ።»

«ከዋጋው ጋር አለ?»

«ለብቻው ነው የሚገዛው።»

«በየትኛው በጀት?»

ዮናታን ከረባቱን አላላ። ጋሽ ጣሰው ትልቁን ለመጨረሻ ጊዜ አዩት፤ መልኩ አንጀታቸውን እንደበላው ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረው፣ «የአብርሆት ይገዛ የምትሉ» አሉ።

እጆች ወጡ። የብርቄ እጅ ብቻ ነጠላዋ ውስጥ ቀረ።

«እትዬ ብርቄ፣ የእርስዎስ?»

«በልጄ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም ብያለሁ» አለች ቀና ብላ። «አፌ ነው የተፈታው፤ እጄ አልተፈታም።»

ጋሽ ጣሰው ፈገግ አሉ። «ልጅቱ ከማን እንደወጣች አሁን ገባኝ» አሉ። ከዚያ ወደ አብርሆት ዞሩ። «ዝግጁ ሁኚ፤ ነገ የቋሚነት ደብዳቤሽ ይጻፋል። አንድ ነገር ብቻ፤ የዚህን ክፍል ቁልፍ ከእናትሽ ተቀበዪ።»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ ብርቄም ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥታ በልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው። ምንም የጎደላት አልመሰላትም።

አብርሆት ዳንቴሉን ከገበሩና ከላስቲኩ በጥንቃቄ ፈታችው። ሰርቨሩን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ከሥሩ አንጥፊልኝ» አለቻት። ብርቄ አነጠፈችው። የቡና አበባዎቹ በአራቱም በኩል ወጥተው ታዩ፣ ዕቃውም ከላይ እንደ ልቡ ይተነፍሳል።

ከሰዓት በኋላ ብርቄ በገበያው በኩል ወደ ቤቷ ስትሄድ ወሬው ቀድሟት ነበር። «የአብርሆት እናት!» አለቻት ቅመም ሻጯ። «ልጅሽ ከአዲስ አበባ የመጣውን መኪና የሚያክል ዕቃ አሸነፈች አሉ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርቄ ዓይን እንዳይገባባት ብላ ወሬውን ታጣጥለው ነበር። ዛሬ ግን፣ «አዎ፣ አሸነፈች» አለች፤ ልትገዛ ያሰበችውን ድንች ሳትገዛ አለፈች፤ ተመልሳ ገዛች።

ቤት ደርሳ ቁጭ ከማለቷ ዝናቡ ጣለው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ያለ ሰዓቱ። ብድግ ብላ አነሳችው።

«እማዬ» አለች አብርሆት፤ «ጣሪያውን ቆሜ አየሁት። አያፈስም። ተኝተሽ እደሪ።»

ብርቄ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጇ ፍርሃቷ ከየት እንደሚመጣ አውቃ፣ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እሺ፣ የእኔ ጎበዝ» አለች። ስልኩን ልትዘጋ ብላ ግን ተመለሰች።

«አይጧስ?»